የበረኪናው ባልዲና የእማዬ ዶሮዎች

የካቲት 12

ይድረስ ለጩጬው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። «እንደ ልማድሽ ትዋሺኛለሽ» ብለህ እንዳትቆጣ፣ እጄም እግሬም ደህና ነው። ደህና ያልሆኑት ዶሮዎቹ ናቸው። ልጄ ነግራሃለች ማለት ነው። የሷ አፍ መቼ ያርፋል! ለሷ ሹክ ያልኩት ነገር ሁሉ ባሕር ማዶ ሳይደርስ አያድርም።

አዎ፣ አልቀዋል። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ላልከው፣ ድምፅህን ስሰማ ሁሉም ነገር ደህና የሆነ ይመስለኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር በለኝ።

እንዴት ሞቱ ላልከው፣ ሙቀቱ ነው። አምናም እንዲሁ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ክንፋቸውን ጥለው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ከዚያ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፣ ውሃ ብቻ ነው የሚወጣቸው። ማታ ቆመው ያየኋቸው ጠዋት ተጋድመው ይጠብቁኛል። ምን ያላደረግኩት ነገር አለ? እማዬ ከሞተች ወዲህ የዶሮ ቤቱን ወለል ሲሚንቶ አስደርጌዋለሁ። በየሳምንቱ በበረኪና አጥባለሁ። በሩ ላይ ባለው ባልዲ እግሩን ሳይነክር የሚገባ ሰው የለም። የእንስሳት ሐኪሙ ራሱ «እትዬ፣ እዚህ ወለል ላይ እኮ ምሳ መብላት ይቻላል» ብሎኛል። ጫጩቶቹም ቢሆኑ ክትባታቸውን ወስደው፣ ከማስፈልፈያው በካርቶን ተደርድረው ነው የሚመጡት። ታዲያ ምን ጎደላቸው? እስኪ አንተ የተማርከው ንገረኝ።

የእማዬ ዶሮዎች በዚችው ፀሐይ፣ በዚሁ ግቢ አልነበር የኖሩት? ማንጎው ሥር ጉድጓዳቸውን ምሰው፣ አፈር እየተለቀለቁ ሲንደላቀቁ ይውላሉ እንጂ ሙቀት ገደላቸው ሲባል አልሰማሁም። አንተስ ከነሱ ጋር አልነበር የምትውለው! ጸጉርህ ላይ ላባ ይዘህ ስትመጣ እኔ በሩ ላይ ባልዲ ይዤ «እግርህን!» ስልህ፣ እማዬ በሳቅ ትፈርስ ነበር። «ይቺ ልጅ ሳሙና ይዛ ነው የተወለደችው» ትለኝ አልነበር? ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ከእማዬ ዶሮዎች ዘር አሁን የቀሩት ሦስት አሮጊቶች ናቸው። አንዷ እመቤት የምንላት ናት። እድሜ ኩራቷን አልቀነሰውም፣ ማንጎው ላይ አድራ ጠዋት ካልተለመነች አትወርድም። እንቁላል ከተዉ ከርመዋል፣ ለማረድ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እንግዲህ ዋናውን ልንገርህ። በሚመጣው ሙቀት አንድ ዙር ጫጩት ብቻ አስገባለሁ። እነሱም ካለቁ በቃኝ፣ ቤቱን ዘግቼ ልጄ ዘንድ እገባለሁ። ክፍል አለኝ ብላኛለች። ዶሮ በሌለበት ግቢ ብቻዬን ግድግዳ እየጠበቅኩ ማርጀት አልፈልግም። አትቆጣኝ።

እህትህ


መጋቢት 2

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በረዶ ሲጥል ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ እዚያው ላቦራቶሪው ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ስልክ አለ አይደል ለምን ጻፊ ትለኛለህ ላልሽው፣ በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነን» ነው የምትዪኝ። እስክሪብቶ ስትይዢ ግን መዋሸት አይሆንልሽም፣ ስለዚህ በሞቴ አሁንም ጻፊልኝ።

ባለፈው በስልክ ሥራህ በትክክል ምንድን ነው ብለሽኛል። ሰው ሲጠይቅሽ «ወንድሜ ዶክተር ነው» ብለሽ ወሬ እንደምትቀይሪ ልጅሽ ነግራኛለች። እሺ፣ እውነቱ ይኸውልሽ፦ ወንድምሽ የዶሮ ኩስ መርማሪ ነው። አትሳቂ።

በዶሮ አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፣ ባክቴሪያዎች። ስማቸው ከበሽታ ጋር ስለሚነሳ ሁሉም ክፉ ይመስሉሻል፣ አብዛኞቹ ግን ቤተኞች ናቸው። ምግቡን ያብላላሉ፣ የአንጀቱን ግድግዳ ይጠብቃሉ፣ ክፉዎቹ ሲመጡ ቦታ አይለቁላቸውም። ሙቀት ሲበረታ የዶሮዋ ደም ሰውነቷን ሊያበርድላት ወደ ቆዳዋ ይሸሻል፣ አንጀቷ ይጎዳል፣ ግድግዳው ይሳሳል። ያን ጊዜ ቤተኞቹ ከሌሉ ክፉዎቹ ሰተት ብለው ይገባሉ። አንቺ ያየሽው ተቅማጥ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሞቃት አገር ለብዙ ዘመን የኖሩ ዶሮዎች ደግሞ ሙቀቱን የለመዱ ቤተኞች አሏቸው ብለን እኔና አለቃዬ ፕሮፌሰሯ እንገምታለን። እኔ እዚህ ብርድ አገር ተቀምጬ ዓመት ሙሉ የምፈልገው እነሱን ነው።

ጫጩት እነዚህን ቤተኞች ከማን ያገኛቸዋል? ከእናቱ ነው። ሥሯ ሲተኛ፣ የጫረችውን ሲጭር፣ ኩሷን ሲለቅም ይወስዳቸዋል። ያንቺ ጫጩቶች ግን ከማሽን ወጥተው በቀጥታ ካርቶን ውስጥ ገቡ። ዶሮ የምትባል አይተው አያውቁም። እዚያ ፀሐይ ውስጥ የገቡት ባዶ አንጀት ይዘው ነው።

ስለዚህ የእመቤትንና የጓደኞቿን ኩስ ላኪልኝ። ሐኪሙ ጠርሙስና የበረዶ ሳጥን ይሰጥሻል፣ አነጋግሬዋለሁ፣ ፈቃዱንም በሁለቱም አገር በኩል ጨርሻለሁ። ጎረቤታችን ነርሷ ወደዚህ ስትመጣ ይዛልኝ ትመጣለች። ጥሩዎቹን ካገኘን እዚህ አራብተን እንልክልሻለን፣ አዲሶቹ ጫጩቶች በውሃ ይጠጡታል። ይሳካል ብዬ ግን አልምልልሽም።

ቤቱን ስለመዝጋት የጻፍሽውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ የሄድኩት እኔ፣ ስለዚህ አፍ የለኝም። ግን እትዬ፣ እዚህ ብርዱ ሲጠናብኝ ዓይኔን ጨፍኜ የምገባው እዚያ ግቢ ነው። ከተዘጋ ወዴት እንደምገባ አላውቅም።

ታናሽሽ


መጋቢት 24

አንተ ልጅ፣

እማዬ ይህን ሰምታ ቢሆን በሳቅ ትሞት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ፣ ኩስ! ለጎረቤት ግን አሁንም ዶክተር ነው እላለሁ፣ ምን ላድርግ።

ይኸው ልኬልሃለሁ። ነርሷ ሳጥኑን ታቅፋው ነው የወጣችው፣ መቼም እኛ ግቢ እንዲህ የተከበረ ነገር ወጥቶ አያውቅም። እንዴት አዘጋጀሽው ብለህ በልጄ በኩል አስጠይቀኸኛል። አታስብ፣ እህትህን ታውቃት የለ? ባዕድ የኛን ነገር ገልጦ ሊያይ ነው ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስቱንም ከማንጎው አውርጄ ዶሮ ቤት አስገባኋቸው። ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ በሩን ሳይቀር በበረኪና ደጋግሜ ፈተግኩት። እግራቸውንና ጭራቸውን በሳሙና አጠብኩ። እመቤት ተቀይማኝ ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዋለች። ሆዳቸውም እንዲጠራ ብዬ ከመድኃኒት ቤት ያንን ቢጫ አንቲባዮቲክ ገዝቼ ሳምንቱን ሙሉ ውሃቸው ውስጥ በጠበጥኩላቸው። ፕሮፌሰሯ እንደ ልባቸው ይዩት። እንኳን ለሳቸው ለንጉሥም የማያሳፍር ኩስ ነው የላክሁልህ!

ስለ ጉልበቴ የጠየቅከኝን ለሌላ ጊዜ ተወው። ስለ ማንጎው ግን፣ አዎ፣ አብቧል። አንተ የወደቅክበት ቅርንጫፍ ዘንድሮም ከሁሉ ቀድሞ ነው ያበበው። እማዬ ያን ቀን አንተን ትታ የተደናገጡትን ዶሮዎች ስታባብል እንዴት ተናደህ ነበር! ይህን ስጽፍልህ ሁለታችሁም ግቢ ውስጥ ያላችሁ መሰለኝ፣ ቀና ብዬ አየሁ።

እህትህ


ሚያዝያ 9

ውድ እትዬ፣

ይህን ተቀምጠሽ አንብቢው። አትደንግጪ፣ የታመመ ሰው የለም።

ሳጥኑ በደህና ደርሷል። የላክሽውን ኩስ ባክቴሪያ በሚበቅልበት ሳህን ላይ ዘርተን ጠበቅን። ምንም የበቀለ ነገር የለም። እንደገና ዘራን፣ አሁንም ምንም የለም። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን ወልወል አድርገው ሳህኑን ወደ መብራት አነሱና «ይህ ነገር የመጣው ከዶሮ ነው ወይስ ከቀዶ ጥገና ክፍል?» አሉኝ።

ቀጥሎ ደብዳቤሽ ደረሰ። በረኪናው ጋ ስደርስ መጠርጠር ጀመርኩ፣ ሳሙናው ጋ ስደርስ ግድግዳ ደገፍኩ፣ አንቲባዮቲኩ ጋ ስደርስ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ፕሮፌሰሯ «ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» ብለው ወጡ። ስተረጉምላቸው እሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ ግን «እህትህን እንዳታስቀይማት» አሉኝ። እትዬ፣ እኛ የምንፈልገው እሱን ቆሻሻ ነበር። መድኃኒቱ ቤተኞቹን ፈጃቸው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለሌላ ሰው ብጽፍ «አታጽዱ» ማለት ላያስፈልግ ይችላል፣ ለኔ እህት ግን በትልቁ መጻፍ ነበረብኝ። እንግዳ ይመጣል ሲባል ጣሪያ የምታጥብ ሴት መሆንሽን ረሳሁት።

አሁንም ጊዜ አለን። መድኃኒቱን አቁሚ። ወደ ማንጎው መልሻቸው፣ አፈር ላይ ይዋሉ፣ እንደ ድሮው ይጫሩ። ከከረሙ በኋላ የጠፋባቸውን ከግቢው መልሰው ሊሰበስቡ ይችላሉ፣ ያን ጊዜ እንደገና ትልኪልኛለሽ። እመቤትን ስለ ሳሙናው ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ታናሽሽ


ሚያዝያ 26

ወንድሜ፣

ወደ ማንጎው የሚመለስ ዶሮ የለም። ትናንት በስልክ «ምን እያልሽ ነው» ስትለኝ የዘጋሁብህ ለቅሶዬን እንዳትሰማ ብዬ ነው።

በሩን በውሃ ደጋግሜ ፈትጌው አልነበር? እንጨቱ ጠጥቶ አበጠና አልገጥም አለ። ገፍቼ ገፍቼ የተዘጋ መስሎኝ ወደ ቤት ገባሁ። ሸለምጥማጥ በክፍተቱ ገብቶ ሦስቱንም ጨርሷቸዋል። ጠዋት ያገኘሁት ላባ ብቻ ነው። እንደ ልማዳቸው ማንጎው ላይ ቢያድሩ ኖሮ ማን ይደርስባቸው ነበር? እኔ ነኝ አውርጄ፣ ደብዳቤህም እስኪደርስ እንዳይቆሽሹ ብዬ ዶሮ ቤት ያሳደርኳቸው። እመቤት በሩ ላይ ነው የቀረችው፣ ልትወጣ ስትል ነው መሰለኝ። እኔን ይድፋኝ!

አይዞሽ እንዳትለኝ። እማዬን ሁለተኛ የቀበርኳት ነው የመሰለኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። እማዬ የሞተች ሳምንት ሐዘኑን የማደርግበት ሲጠፋኝ ቤቱን ሁሉ አጠብኩ። አንሶላዋን፣ ቀሚሷን፣ ራሷ ላይ የነበረውን ሻሽ አጠብኩ። ማታ ሻሹን ከገመድ ላይ አውርጄ ፊቴ ላይ ሳደርገው ሳሙና ሸተተኝ። ሳሙና ብቻ። ያን ቀን እንዴት እንዳለቀስኩ አትጠይቀኝ። አሁን ደግሞ ዶሮዎቿን። ከእናታችን ነገር አንድም አላስቀረሁም።

ለልጄ ክፍሉን አዘጋጂ ብዬ ጽፌላታለሁ። ጫጩቶቹን አስቀድሜ ስላዘዝኩ ከአንድ ወር በኋላ ይመጣሉ፣ እንደነዚያኞቹ ሲያልቁ ለማየት። ከዚያ ቁልፉን ለጎረቤት እሰጣለሁ። አትጥራኝ፣ ትንሽ ዝም ልበል።

እህትህ


ግንቦት 9

እትዬ፣ እትዬዋ፣

ለልጅሽ ሌላ ደብዳቤ ጻፊላት። ክፍሉን ገና አታዘጋጂው በያት። ለማስፈልፈያውም ደውዪና ጫጩቶቹ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆዩ በይ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ያን ጊዜ፣ ገና ለትምህርት ወደዚህ ልመጣ ስል፣ ፕሮፌሰሯ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ «ከቤታችሁ ዶሮ ናሙና ይዛችሁ ኑ» ይሉ ነበር፣ ለመለማመጃ። አንቺ ያኔ ባልሽ ቤት ስለነበርሽ አላየሽም። እማዬ የሾርባ ማንኪያ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ጠዋት ሙሉ ዶሮዎቹን ስትከተል ዋለች። «ሰው ለልጁ ስንቅ ያሲዛል፣ እኔ ኩስ አስይዤ ልሸኘው? ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» እያለች ትስቃለች። ማንኪያውን ማንም እንዳይበላበት ማንጎው ሥር ቀበረችው። ጠርሙሱ መንገድ ላይ እንዳይሰበር ሻሿን ከራሷ ፈትታ ጠቀለለችበት፣ እዚያው በር ላይ፣ ጸጉሯ ተገልጦ። ስሄድ ያየኋት እንደዚያ ሆና ነው።

እዚህ ስደርስ ትንሽ ቆንጥረን ተለማመድንበት፣ የቀረውን ለዓመታት በረዶ አድርጎ በሚያቆየው ማቀዝቀዣ ከተትነው፣ ከዚያ ረሳሁት። «አንድም አላስቀረሁም» የሚለውን ሳነብ ግን ደብዳቤሽን ይዤ ሮጥኩ። ታችኛው መሳቢያ በበረዶ ተጋግሮ አልከፈት አለኝ። ፕሮፌሰሯ መጥተው በማንኪያ ፋቁልኝ። ጠርሙሱ እዚያው ነበር።

አሟሙተን ዘራነው። ጠዋት ስንገባ ሳህኑ በበቀሉ ቤተኞች ጢም ብሎ ሞልቷል። ፕሮፌሰሯ አዩትና «አሁን ገና ከዶሮ የመጣ ነገር አየሁ» አሉ። እኔ ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እትዬ፣ የእመቤት አያቶች ናቸው እኮ። እማዬ በሕይወት እያለች፣ ማንጎው ሥር ይጭሩ የነበሩት። ያን ሁሉ ዓመት ቤቴ ናፈቀኝ እያልኩ በየቀኑ በአጠገቡ አልፍ ነበር።

በሽታ ያለባቸውን ለይተን አውጥተናል፣ ጥሩዎቹን አራብተናል፣ የእንስሳት ሐኪሙም አይቶ ተስማምቷል። ሌላ ሰው አላምንም፣ እኔው ይዤው እመጣለሁ። በሩ ላይ እግሬን እታጠባለሁ፣ እንዳትጮሂብኝ። ግን አፈር ስሆን፣ የጫጩቶቹን ውሃ ማጠጫ በረኪና እንዳታስነኪው!

ታናሽሽ


ሐምሌ 3

ይድረስ ለጩጬው፣

በሰላም መግባትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ያንን ፉጨትህን፣ ፎጣ እንደ ጣልክ መሄድህን እንኳ ናፈቅኩ፣ ጉድ በል።

«ጫጩቶቹስ» እያልክ አሁንም አሁንም ትጠይቀኛለህ፣ እኔ ደግሞ በስልክ «ደህና ናቸው» እያልኩ አሳልፋለሁ። አውቀህብኛል። ሙቀቱ ሳያልፍ እውነቱን መጻፍ ፈርቼ ነው፣ ይቅርታ። አሁን አልፏል።

ጫጩቶቹን ያመጣኸውን አጠጥተን፣ ለዶሮ ቤቱም መስኮት ከፍተንለት አንተ በሄድክ ሰሞን ያ ንዳድ መጣ። የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ዶሮዎች በአንድ ቀን ጨረሰ። እኛ ቤትም ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ክንፋቸውን ጣሉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ልክ እንደዚያኞቹ። አበቃ አልኩ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁና መልሼ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ተቀመጥኩ፣ ሲሞቱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ። ከዚያ ወለሉን አየሁት። ኩሳቸው ኩስ ነው! ጠጠር ያለ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ያለው፣ የድሮው የማንጎው ሥር ኩስ። ውሃ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ በመጥረጊያ ሳሳድደው የኖርኩትን ነገር አይቼ እልልታዬን ለቀቅኩት። ልብስ ሰፊው ዘለው መጡ። ምን አየሽ ቢሉኝ ምን ልበላቸው? የሚነገር ነገር አይደለም።

የሞቱም አሉ፣ አልሸነግልህም። ግን አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲመጣ የቀሩት፣ ብዙዎቹ፣ ተነሥተው መኖ መልቀም ጀመሩ። በማግስቱም እንዲሁ። ሐኪሙ መጥቶ አየና «እትዬ፣ በአንድ ዙር አይፈረድም፣ የከፈታችሁት መስኮትም ረድቶ ይሆናል» አለኝ። እሱ አይፍረድ፣ እኔ ፈርጃለሁ። ልጄን «ልጆችሽን ይዘሽ አንቺ ነይ እንጂ እኔ ወዴትም አልሄድም» ብያታለሁ። ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ መቼ እንምጣ አለች። ሻንጣው ወደ አልጋው ሥር ተመልሷል።

አሁን ቀን ቀን ወደ ማንጎው እለቃቸዋለሁ። መጀመሪያ አፈሩን ፈርተው በር ላይ ተደረደሩ፣ እኔም ፈራሁ። ዛሬ ጉድጓድ ምሰው ይለቀለቃሉ። አንዷ ቀይ ቄብ ትናንት ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ አልወርድም አለችኝ፣ ስለምናት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ማን ብዬ እንደሰየምኳት አልነግርህም።

ትራሴ ሥር የተውክልኝን አገኘሁት። ጠርሙሱ የተጠቀለለበትን የእማዬን ሻሽ። ያን ሁሉ ዓመት ሳታጥበው! አንተ ቆሻሻ ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ሳለ ሸተተኝ። የጸጉር ቅባቷ፣ ጭሱ፣ ላባው። እማዬ ራሷ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሳሙና አላስነካሁትም፣ እስክሞትም አላስነካውም።

በሩ ላይ የነበረውን ባልዲም አንስቼዋለሁ። ማንጎው ሥር ደፍቼው መቀመጫ ሆኖኛል፣ አሁንም የምጽፍልህ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ቶሎ ና። ስትመጣ እግርህን ሳትታጠብ ግባ።

እህትህ